ዲል ማለት መሸጥ ነው

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 12

የማታው ትምህርት ዛሬ ተጀመረ። የሰበካው አዳራሽ ማሞቂያ እንደ አምናው ይሸታል እንጂ አያሞቅም። ባለፈው ፀደይ ለኮሚቴው ነግሬ «እናያለን» ብለውኝ ነበር። ሲያዩ ከርመዋል።

ተማሪዎቼ እንደተለመደው ጡረታ ወጥተው ከደብሊን የመጡ ሰዎች ናቸው፤ እዚህ ያገቡ ሁለት ጀርመኖችም አሉ። ከሁሉም ትጉው ሎርካን ቲንደል ነው፤ ከወደቡ በላይ ያንን የመስታወት ቤት ያሠራው ሰውዬ። ለመጀመሪያ ቀን ሁልጊዜ የማስተምረውን አስተማርኩ። በአይሪሽኛ ግሥ ይቀድማል፤ ሠሪው ይከተላል፤ የቀረው ሁሉ ከኋላ ይመጣል። እኛ «ሎርካን ቤት ገዛ» አንልም፤ «ገዛ ሎርካን ቤት» ነው የምንለው። ስለዚህ የሰው ንግግር እስከ መጨረሻው ይሰማል፤ ዋናው ነገር ጅራቱ ላይ ሊሆን ይችላል አልኳቸው። ሁሉም ጻፉ።

ሲወጡ ቲንደል ወደኋላ ቀረት አለና መሸጥ በእናንተ ቋንቋ ምን ይባላል ብሎ ጠየቀኝ። «ዲል» አልኩት። ጻፈና ሁለቴ አሰመረበት። እንዲህ ያለ ተማሪ ደስ ይላል።

ሙሪስ እስክጨርስ ድረስ ውጭ መኪናው ውስጥ ሆኖ ጠበቀኝ። በጨለማ መንዳት ዓይኔ እምቢ ስላለኝ ነው እንጂ ያ መኪና የሚሳፈሩበት አይደለም፤ በግ በግ ይሸታል። ነገርኩት። «በጎቹም ስላንቺ ሽቶ እንዲሁ ይላሉ» አለኝ። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ አንድ ቀን እንኳን ቁም ነገር መልሶልኝ አያውቅም።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 15

እየቸኮልኩ ነው የምጽፈው።

የባለሱቋ የሌን ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። ከመደርደሪያው ጀርባ ሻይ ስመርጥ ሌንና ያቺ ባብ የምንላት ጎረቤታችን ያወራሉ። ባብ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ዪል ሙሪስ…» አለች። «ዲል» ላለፈ ነገር ሲሆን አፉ ይላላና «ዪል» ይሆናል። ሸጠ ሙሪስ! ቀጥሎ ያለውን የዳቦው መኪና እየጮኸ ወደኋላ ሲመጣ ዋጠው። ብቅ ስል ሌን ወደ ሚዛኑ ዞረች። ባብ የአተር ቆርቆሮ አንስታ ማንበብ ጀመረች፤ ያለ መነጽር የራሷን ስም የማታነብ ሴት።

ሻዩን ሳልገዛ ወጣሁ። ምን እንደሸጠ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 17

በሰው ወሬ ብቻ አይደለም የተነሣሁት። ሐሙስ ዕለት ሙሪስና ቲንደል የባሕሩ ማሳ አጥር ላይ ተደግፈው ሲያወሩ በመስኮቴ አይቻቸዋለሁ። ገበሬና ባለገንዘብ አንድ አጥር ላይ ከተደገፉ ስለ ዝናብ አያወሩም።

የባሕሩ ማሳ ከቤታችን በታች ያለው ነው። ድሮ ድንጋይና አሸዋ ነበር። አባታችንና አያታችን የባሕር አረም በጀርባቸው እያመጡ፣ እያለበሱ፣ አፈር አደረጉት። መንደሩ ሁሉ ወደ ባሕር የሚወርድበት መንገድም በመሐሉ ነው የሚያልፈው። ቲንደል እጅ ከገባ መንገዱ የብረት በር ይገጠምለታል፤ በሩ ላይ ካሜራ ይደረጋል፤ እኛም ባሕራችንን ለማየት ደወል እንደውላለን። እኔም በስተርጅናዬ ከመስኮቴ የማየው የሰው መዋኛ ይሆናል። አባታችን ሲሞት መሬቱን ለእሱ፣ ትምህርቱን ለእኔ ብሎ ነው የሞተው፤ ስለዚህ ሕጉ ከሙሪስ ጋር ነው። ሕግ ግን ሁሉም ነገር አይደለም።

አልጠይቀውም። የሸጠው እሱ ነው፤ እሱ ራሱ አፉን ይክፈት። እኔ እንደሆን ዝም አይነቅዝም ብዬ እቀመጣለሁ።

ጠዋት እንቁላሌን አስኳሉ ሳይጠነክር እንደምወደው አድርጎ ቀቅሎ አቀረበልኝ። ጥፋተኛ ሰው እንዲህ ይለሳለሳል። እርግጥ አርባ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው የሚቀቅልልኝ፤ የዛሬው ግን ለየት ያለ መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 19

የዛሬውን ክፍለ ጊዜ በሙሉ ለአንድ ቃል ሰጠሁት። ሰሌዳው ላይ «ዲል» ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። ጠመኔው ተሰበረ፤ በሌላ ጨረስኩት።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከጥንቱ ጀመርኩ። በቀደሙት ሰዎች ቋንቋ ይህ ቃል ካሳ ማለት ነበር፤ ለበደል የሚሰጥ መተኪያ፣ ብድር መመለስ። መክፈልም መሸጥም ከዚያው ሆድ የወጡ መንታዎች ናቸው። መክዳትም አብሮ ይኖርበታል፤ ይሁዳ በጌታው ላይ ያደረገውን በዚሁ ቃል ነው የምንጠራው። ይህን ስል ድምፄ ከፍ ብሎ እንደሆነ እንጃ፣ የፊተኛው ረድፍ ቀና አለ። ስም ሲሆን ደግሞ የሚበቃ ማለት ይሆናል፤ የሳምንት ዲል ለሳምንት የሚበቃ ነው። የሐዘኔታ ዲል የምንለውም ሊታዘንለት የሚገባ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ቃል ነው፤ በአንድ ቤት ውስጥ ሌባም ቅዱስም አሳድሮ ይኖራል።

ከዚያ ሰዋስው። የዕቃውን ስም በቀጥታ ካስከተልክ ሸጥከው ማለት ነው። ከዕቃው በፊት «አስ» የምትል ታናሽ ቃል ካገባህ ግን ከፈልክበት ማለት ነው። ራሷን ችላ ስትቆም «ከውስጥ» ማለት ናት፤ ከዚህ ቃል ጋር ስትመጣ ነገሩን ትገለብጠዋለች። «ዪል ሙሪስ ማሳውን» ካልን ሙሪስ ማሳውን ሸጠ። «ዪል ሙሪስ አስ ማሳው» ካልን ሙሪስ ለማሳው ከፈለ። ስሙን ሆን ብዬ ነው ያስገባሁት፤ ቲንደልን እያየሁ። ፊቱ ንቅንቅ አላለም፤ አጎንብሶ ይጽፋል። እንደዚህ ያለ ድፍረት አይቼ አላውቅም።

ከጀርመኖቹ አንዷ፣ ዕቃውም «አስ»ም ሳይጠሩ ቢቀሩስ አለችኝ። እንግዲያማ በእኛ ሰበካ ሸጠም ከፈለም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው በነገሩ አካሄድ ነው አልኳት። ጥሩ ጥያቄ ነበር።

ቲንደል ተረት ካለን ጠየቀ። «ዶሮህን በዝናብ ቀን አትሽጥ» የሚለውን ሰጠሁት፤ የረጠበች ዶሮ ከስታ ስለምትታይ ዋጋ አታወጣም። «እዚህ አገር የማይዘንበው መቼ ነው ታዲያ?» ብሎ አዳራሹን አሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 21

ዛሬም አልነገረኝም። ድንች፣ የጨው ዓሣ፣ የግድግዳው ሰዓት። ጨዋታ ሊጀምር ብሎ ላሟ ታማ እንደዋለች ነገረኝ። ላም!

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 27

ሌን መንገድ ላይ «ጎብኔት፣ ያን ዕለት ሻይሽን ረሳሽ» አለችኝ። አልረሳሁም፤ ትቼው ነው አልኳት። ሌላ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ ጥያት ሄድኩ። ከሁሉ የሚያበግነኝ ሐሜተኛ ሲያዝንልኝ ነው።

እሑድ፣ ኦክቶበር 1

ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ የመንደሩ ሰው እንደ ልማዱ ተሰብስቦ ነበር። ሙሪስ መኪናውን ሊያመጣ ሄዷል። አንዱ፣ ዘንድሮ የባሕሩን ማሳ ምን ልትዘሩበት ነው አለኝ። በጨዋነት ነው የጠየቀው። እኔም በጨዋነት መለስኩ።

«ምን እንደሚዘራበት ቲንደልን ጠይቁት። ሙሪስ ሸጦለታል።»

ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ። መንገዱስ? ጀልባዎቹስ? አንዷ ሴት ፊቷን አማተበች። ሙሪስ መኪናውን አምጥቶ ሲወርድ ሰላም ያለው አልነበረም። ምን ሆነው ነው አለኝ። የመኪናውን በር ከፍቼ ገባሁ።

ልክ ነው ያደረግኩት። የመንደሩ መንገድ የመንደሩ ጉዳይ ነው። ይህን በደንብ አስቤበታለሁ፤ ከራት በኋላም ደግሜ አሰብኩበት፤ ልክ ነው ያደረግኩት።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 6

ካርታ ሊጫወት ወጥቶ ቶሎ ተመለሰ። የሆነውን ከባብ ባል ሰማሁ። መጠጥ ቤቱ ውስጥ አንዱ «ሙሪስ፣ አሸዋውንስ በኪሎ ስንት አልከው?» አለው አሉ። ሌላው ደግሞ «ተወው፣ ማዕበሉን ገና እየመዘነ ነው» ብሎ ጨመረበት። ሙሪስ ብርጭቆውን እንኳን ሳይጨርስ ወጣ።

ተሳለቁበት ማለት አልወድም። ግን ማን አመጣው?

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 12

ዛሬ ፈነዳሁ። ጫማውን ከምድጃው ሥር እያደረቀ «ጎብኔት፣ ሰዉ ፊቱን የሚያዞርብኝ ምን በድዬ ነው?» አለኝ። በድዬ! አባታችን ተሸክሞ ያመጣው አፈር፣ አያታችን የፈለጠው ድንጋይ፣ የመንደሩ መንገድ፣ ያለኝን ሁሉ አፈሰስኩበት። በመጨረሻም «ትከፍልበታለህ» አልኩት። በእኛው ቃል ነው ያልኩት፤ በ«ዲል»፣ «አስ»ንም ጨምሬ፤ በእኛ አገር ለሰው የሚባል የመጨረሻ ክፉ ነገር ነው።

ሙሪስ ጫማውን አነሣ። አንድ ነገር ብቻ አለኝ።

«ዪለስ ሐነ።»

«ዪለስ» ያው «ዪል» ነው፤ ጭራው «እኔ» ማለት ነው እንጂ ያቺ «አስ» አይደለችም፤ «ሐነ» ደግሞ አስቀድሞ፣ ድሮ ማለት ነው። ሸጫለሁ ድሮ! በገዛ አፉ! እርጥቡን ጫማ አጥልቆ ወደ ከብቶቹ ወጣ። እንግዲህ ከባለቤቱ አፍ በላይ ምስክር የለም። እጄን ታጥቤ ራት ሳልበላ ገባሁ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 17

ከትምህርት ስወጣ መኪናው እንደ ሁልጊዜው ደጅ ቆሟል። ይህን ሁሉ አድርጎም ይጠብቀኛል። ሬዲዮው ተዘግቷል። እስከ ቤት ድረስ በመስኮት በኩል እያየሁ ሄድኩ። ጨለማ ነበር፤ የሚታይ ነገር አልነበረም።

እሑድ፣ ኦክቶበር 22

ትራሊ ከተማ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደውላ፣ እውነት ሙሪስ ሸጠ ወይ አለችኝ። በገዛ አፉ ነግሮኛል አልኳት። «እንዴት ይሆናል? እሱ እኮ ላንቺ ሲል…» ብላ ጀመረች። ጨርሼ አልሰማኋትም፤ ለእኔ ሲል ስላደረገው ነገር ሰው ሁሉ ሊነግረኝ ይወዳል። ለእኔ ሲል ማንንም ምንም አድርግ አላልኩም። ነፃ የትምህርት ዕድል በጭንቅላቴ ነው ያገኘሁት። መጽሐፍና ምግብ፣ የደብሊን ኪራይ፣ ይህማ ከቤት ነው፤ ከቤት ደግሞ ለማንም ልጅ ይሰጣል።

ሙሪስ ዛሬ ቅዳሴ አልመጣም። ላሟን አሳበበ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 31

ምን ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም።

ትምህርቱ አልቆ ወንበር ስናነሣ ቲንደል አጠገቤ መጣ። አኩርፏል። ወንድምዎ ክፉ ሰው ነው አለኝ። በኤፕሪል ማሳውን ሽጥልኝ ብዬ ጠየቅኩት፣ እምቢ። በሴፕቴምበር አጥሩ ድረስ ሄጄ በእናንተው ቋንቋ ጠየቅኩት፣ እርስዎ ባስተማሩኝ ቃል፣ እምቢ። ባለፈው ሳምንት ዋጋውን ጨምሬ ሄድኩ፣ በሩን ሳይከፍት እምቢ።

«ሰዉ ደግሞ ሸጠልህ እያለ ይሰድበኛል። ምነው በሆነ! ‹እህቴ ከመስኮቷ የምታየው እሱን ነው፣ አይሸጥም› ነው ያለኝ። እርስዎ አንድ ቃል ቢሉልኝስ?»

የያዝኩትን ወንበር መልሼ አስቀመጥኩ። ሙሪስ መኪናው ውስጥ ይጠብቀኝ ነበር። እስከ ቤት ድረስ አንድ ቃል አልወጣኝም፤ ያስተምራል የተባለ አፍ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 1

የቅዱሳን ሁሉ በዓል ነው። ሌን ሱቋን ግማሽ ቀን ትከፍታለች። ሰው እስኪወጣ ጠበቅኩና፣ ያን ዕለት እዚህ ቆማችሁ ስለ ሙሪስ ያላችሁትን ሙሉውን ንገሪኝ አልኳት። አልወደደችም። ያለቀ ነገር ነው አለች፤ ጠረጴዛውን ወለወለች፤ የተወለወለውን ደግማ ወለወለች።

«ባብ ያለችው እንዲህ ነው፦ ‹ተማረች ጎብኔት፣ ዪል ሙሪስ አስ።›»

አስ። ጎብኔት ተማረች፤ ሙሪስ ከፈለበት።

ስለ ማሳው አንድም ቃል አልነበረም። ስለ እኔ ነበር። ሌን አንዴ ከጀመረች አላቆመችም። ሙሪስ ከኮረብታው ወዲያ ኖሪን የምትባል ወዳጅ ነበረችው፤ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ኮቨንትሪ አብረው ሊሄዱ የመርከብ ትኬት ቆርጠው ነበር። አባታችን ሲሞት፣ እኔ እስክመረቅ ብሎ ቀረ። ስመረቅ ደግሞ እናታችን አልጋ ላይ ወደቀች፤ እኔ ትምህርት ቤቱ ገና መቀጠሬ ነበር፤ ሌሊት የሚያገላብጣት እሱ ሆነ። ኖሪን ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ ከዚያ መጠበቅ ተወች። «አስቂኝ ሰው ነበር እኮ፣ የሚዘፍን ሰው» አለች ሌን።

ለምን በሹክሹክታ ታወራላችሁ፣ ሐሜትስ ቢሆን ድምፅ የለውም ወይ ብዬ ጮኽኩባት።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ ጎብኔት» አለችኝ። «ይህን ነገር ከአንቺ በቀር የማያውቅ የለም።»

የዳቦውን መኪና ሾፌር ሳስበው ደሜ ይፈላል። ምን አለበት ትንሽ ቆይቶ ቢመጣ? ባብስ ምን አለበት አፏን ከፍታ ብትናገር? በዚህ መንደር አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳን ሙሉውን የሚያሰማ ሰው ጠፋ!

ያ «ዪለስ ሐነ» ያለኝ… ከፍያለሁ ድሮ። ጀርመኗ ልጅ ጠይቃኝ ነበር። መልሱን የሰጠኋት እኔ ነኝ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 2

ጠዋት ልነግረው ተዘጋጅቼ ወረድኩ። ተሳስቻለሁ ልበል፣ በትክክል አልተሰማኝም ነበር ልበል፣ ሁለተኛው የተሻለ መሰለኝ። እሱ ግን ቤት የለም። ከቀትር በኋላ መጣ፤ ለቀብር የሚለብሰውን ሱፍ ለብሷል። ዛሬ የሙታን ቀን ስለሆነ ከመቃብር የመጣ መሰለኝ።

ቆቡን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ሸጥኩት» አለኝ። «ዳንግን ከተማ ሄጄ ጠበቃው ዘንድ ፈርሜ መምጣቴ ነው።»

ሙሪስ፣ እኔ እኮ… አልኩ። አውቃለሁ፣ ሌን ትናንት ማታ መጥታ ነገረችኝ አለ። ታዲያ ካወቅክ ለምን ሸጥክ አልኩት። እንደዚያ ስል ጮኼ ነበር። እሱ አልጮኸም። ጮኾ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«የሻጭ ስም ተሸክሜ ሳልሸጥ ከምኖር ሸጬ ብኖር ይቀላል። ደግሞ መምህርቷ አንቺ ነሽ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሸጧል ብለሻል። እህቴን ውሸታም አላስብልም።»

«ሄደህ መልሰው! እኔ ለሁሉም እነግራቸዋለሁ፣ በዚያው ደጅ ቆሜ…»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አለኝ። «አንድ ቀን ‹ሙሪስ፣ ሸጥክ ወይ?› ብትይኝ ኖሮ፣ አልሸጥኩም እልሽ ነበር። አንድም ቀን አልጠየቅሽኝም።»

ዳንግን ውስጥ ከዓሣ ነጋዴው ቤት በላይ ክፍል ተከራይቷል። በጎቹን ለባብ ባል ሰጥቷል። ቤቱን ለእኔ ትቶልኛል፤ መስኮቱን ጨምሮ። ለመንገዱ እንኳን ውሉ ላይ አንድ መስመር አስገብቷል፤ መንደሩ እንዲያልፍ። ይህን ሁሉ አስቦ፣ ሱፍ ለብሶ፣ ፂሙን ተላጭቶ! ይህን ያህል የሚያስብ ሰው ስለ እኔ ለምን አላሰበም? እንደዚህ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ጻፍኩትም፤ አሁን ሳነበው ግን ደስ አላለኝም።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 6

ዛሬ ሄደ። ይዞት የወጣው ሻንጣ አንድ ነው፤ አዲስ ይመስላል። ያረጀ ግን ያልተጠቀሙበት ሻንጣ ነው።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 10

ባብ ባሏ ማታ ማታ እንዲያመላልሰኝ ጠየቀችኝ። አልፈልግም፣ እግር አለኝ አልኳት። እንቁላል ስቀቅል ሁለት ቀን ጠነከረብኝ፤ ሦስተኛውን ወረወርኩት።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 14

የእጅ ባትሪ ይዤ በእግሬ ሄድኩ፤ ዘገየሁ፤ ጫማዬ ረጠበ። ተማሪዎቹ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ያለፈ ጊዜ እንለማመድ፣ በዚህ ወር የሆነ አንድ ነገር እየወጣችሁ ጻፉ አልኳቸው። አንዱ ዝናብ ዘነበ ብሎ ጻፈ። አንዷ ድመቷ ወለደች ብላ ጻፈች።

ቲንደል ደረቱን ነፍቶ ወጣ። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ሊያስቀይመኝ አልፈለገም፤ የተማረውን ቃል ሊያሳየኝ ነው። ሙሪስ ማሳውን ሸጠ ብሎ ሊጽፍ ፈልጎ በጥንቃቄ፣ ፊደሎቹን እየለቃቀመ፣ እንዲህ ጻፈ፦ ዪል ሙሪስ አስ ማሳው።

ጀርመኗ ወዲያው እጇን አነሣች። «መምህርት፣ አንዲት ቃል የተረፈች መሰለኝ። እንዲህ ከሆነ እኮ ሙሪስ ከፈለበት ማለት ይሆናል።»

ቲንደል ሳቀና ማጥፊያውን አነሣ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረው ጠበቁ።

«ተወው፣ አታጥፋው» አልኩት። «ስሕተት የለውም።»